የዓለም ትልቁ ዓሣ ጎረቤታችን ነው

ሰው ሁሉ ይስማልኝ! በዓለም ባሕሮች ውስጥ ካሉት ዓሦች ሁሉ የሚበልጠው ዓሣ ያለው ከፉሪ ለቡ በባቡር ተሳፍረን በምንደርስበት ባሕር ውስጥ ነው። ያውም መሀል ውቅያኖስ ድረስ ተሄዶ የሚፈለግ አይደለም፤ ከዳርቻው ድንጋይ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ አፉን ከፍቶ ሲመገብ ያረፍዳል። አይቼዋለሁ። ጎን ለጎን ዋኝተናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ይህንኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ስሙ ዌል ሻርክ ይባላል። ሻርክ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን በፊልም የለመድነው፣ ባለ ስለታም ጥርሱ፣ ውሃውን በደም የሚያቀላው አዳኝ ነው። ይሄኛው ሌላ ፍጥረት ነው። ምግቡ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን የባሕር ሕይወቶች፣ የዓሣ እንቁላልና ትንንሽ ዓሦች ናቸው። በአካል ግን ወደር የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ሲያድግ 18 ሜትር የሚደርስ አለ። ዓሣ ነባሪ ይበልጠዋል እንዳትሉኝ! ዓሣ ነባሪ ልጁን ጡት የሚያጠባ፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ የሚወጣ እንስሳ ነው። ዌል ሻርክ ከአፉ እስከ ጅራቱ ዓሣ ነው፤ በስንጥብ ይተነፍሳል፣ አጽሙም እንደ ሻርክ ዘመዶቹ ሁሉ ልም አጥንት ነው። ይህን ሁሉ ግዝፈት ተሸክሞ የሚኖረው አንዲት ጠንካራ አጥንት ሳይኖረው ነው። እንዴት ያለ ሥራ ነው!

ጅቡቲን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ስንዴያችን፣ ማዳበሪያችን፣ ነዳጃችን የሚገባው በዚያ ነው። ሾፌሮቻችን ጋላፊን አቋርጠው ይመላለሳሉ፤ ትራንዚተሮቻችን ወደቡን እንደ ሰፈራቸው ያውቁታል፤ ድሬዳዋ ላይ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስለ ጅቡቲ ወሬ ሲነሳ ግን የሚወራው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኮንቴይነሩና ስለ መዘግየት ክፍያው፣ ስለ ዴሙሬጁ ነው። ለሽርሽር ዱባይ እንሄዳለን፣ ሞምባሳና ዛንዚባር እንሄዳለን። ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከጣሊያን ሰዎች አህጉር አቋርጠው የሚመጡበትን የጅቡቲ ባሕር እኛ በላዩ ዕቃ ስናሻግርበት እንኖራለን። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

እኔም የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጅቡቲ ወደብ በትራንዚት ሥራ ላይ ናት፤ ወልዳ ልጠይቃት ነው የሄድኩት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ጅቡቲ ከምድጃነቷ ትንሽ የምትቀዘቅዝበት፣ ሰው ቀን ቀን ወጣ የሚልበት ወቅት። አንድ ማታ ባለቤቷ ሻይ እየጠጣን፣ «ለመሆኑ ትልቁን ዓሣ ሳታዪ ልትመለሺ ነው?» አለኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ ጣና ላይ ዋና የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ትልቅ ዓሣ ሲባል ወደ ሐሳቤ የመጣው አምባዛ ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ የጀልባ መነሻው ላይ ነበርኩ።

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ በግራ በኩል ዛፍ የሚባል የሌለበት ጠቆር ያለ ተራራ ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል። በቀኝ፣ ከውሃው ማዶ፣ የጎዳ ተራሮች ጭጋግ ለብሰው ይታያሉ። የምንሄደው አርታ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ነበር። የጀልባው ባለቤት ጸጉራቸው የሸበተ አፋር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ኖረዋልና አማርኛቸው ከኔ አያንስም። መንገዱን ሙሉ ብዙም አላወሩም። አርታ ስንደርስ ሞተሩን ቀንሰው፣ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ከግንባራቸው በላይ አድርገው ውሃውን ያዩ ጀመር። የሚያዩት እኔ ለማየት የማልችለውን ነው፤ ውሃው ላይ የተለየ እጥፋት፣ ከሥር የሚያልፍ ጥላ፣ ብቅ ብላ የምትሰምጥ የጅራት ጫፍ።

«ጋሼ፣ ይነክሳል?» አልኳቸው።

«ጥርስ አለው ልጄ፤ ለአንቺ ግን አይሆንም። አይዞሽ። ስነግርሽ ብቻ ግቢ። እንዳትዘይ፤ ቀስ ብለሽ ተንሸራተሽ ግቢ። እንዳትነኪው።» ከዚያ ድንገት ድምፃቸው ተለወጠ። «አሁን! ግቢ! ግቢ!»

ገባሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ውሃው አረንጓዴና ድፍርስ ነው፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ባሕር የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ድፍርሱ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ሕይወት ነው። ከመነጽሬ ፊት ለፊት ሚሊዮን ጥቃቅን ነገሮች ይዘላሉ፣ ይሽከረከራሉ፤ ቆዳዬን ቆንጠጥ ቆንጠጥ ያደርጉኛል። ማዕዱ ውስጥ ነበርኩ። ባለ ማዕዱ ደግሞ እየመጣ ነው።

ቀድሞ የታየኝ ነጠብጣቡ ነው። ከአረንጓዴው ጭጋግ ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች፣ በመደዳ የተሰደሩ፣ ራሳቸውን ችለው የሚንሳፈፉ መሰሉኝ። ቀጥሎ ከነጥቦቹ ፊት ጥቁር መስመር ተከፈተ፤ አፍ ነው! የአብዛኞቹ ሻርኮች አፍ ከሥር ነው፤ የዚህ ግን ከፊት፣ ከጭንቅላቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ነው። ወደ እኔ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። ወደ ጎን ለመሸሽ እግሬን ሳነሳ እሱ ቀድሞኝ ትንሽ ዘንበል አለ፤ እንዲህ ያለ ግዙፍ አካል እንዲህ ባለ ጨዋነት መንገድ ሲለቅ አይቼ አላውቅም። ከዚያም በጎኔ ማለፍ ጀመረ።

ማለፍ ጀመረ፤ ግን አያልቅም። ጭንቅላቱ አለፈ። አምስቱ የስንጥብ ክፍተቶች እየተከፈቱና እየተዘጉ አለፉ። ሰፊው የጎን ክንፉ እንደተዘረጋ አለፈ፤ ከሥሩ ትንንሽ ዓሦች ተጠልለው አብረውት ይጓዛሉ፤ ሆዱ ሥር ደግሞ አንድ ተለጣፊ ዓሣ በራሱ ላይ ባለው መምጠጫ ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል። ጎኑ ላይ ከራሱ አካባቢ እስከ ጅራቱ የሚወርዱ ሦስት ጎላ ያሉ መስመሮች አሉት፤ በመስመሮቹ መሀል ነጭ ነጥብ፣ ሽንጥር፣ ነጥብ፣ ሽንጥር። የጀርባው ቀለም ግራጫም ሰማያዊም ነው፤ ብርሃኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል። በመጨረሻ ጅራቱ መጣ፤ ከኔ ቁመት የማያንስ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ሳይቸኩል። የገፋው ውሃ ደረቴን መታኝና ወደ ኋላ አንሳፈፈኝ። ጋሼ ኋላ እንደነገሩኝ ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ነበር። ገና ልጅ ነው አሉ። ልጅ!

ስለ ዓይኑ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከአፉ ማዕዘን አጠገብ፣ በጭንቅላቱ ጎን ላይ ያለች፣ ለዚያ አካል በጣም ያነሰች ዓይን ናት። ሲያልፍ ዞር አድርጎ አየኝ፤ ዓይኑ ጉድጓዷ ውስጥ ተንቀሳቅሳ ተከተለችኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሰመጠች፣ ተመልሳም ወጣች። ከተመለስኩ በኋላ ሳነብ ነው ምሥጢሩን ያወቅሁት። ዌል ሻርክ የዓይን ቆብ የለውም፤ ሲያሰጋው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይስባታል። በዚህም አያበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጃፓን ተመራማሪዎች የዓይኑ ገጽ ራሱ በጥቃቅን ጥርስ መሰል ነገሮች የተሸፈነ መሆኑን አሳወቁ። የሻርክ ቆዳ በእንዲህ ዓይነት ነገር እንደሚሸፈን የታወቀ ነው፤ ዓይን ላይ ሲሆን ግን ይገርማል። እና ያቺ ጥሩር የለበሰች ዓይን እኔን፣ የጣናዋን ልጅ፣ ዞር ብላ አየችኝ!

ጀልባው ላይ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ ሌላ መጣ። ይኸኛው የባሰ ነው። ዋናውን አቁሞ፣ ጅራቱን ወደ ታች ሰድዶ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። አፉን ከውሃው ገጽ ልክ ላይ ከፍቶ ይጎትታል፤ ውሃው ከነነፍሱ እየተዥጎደጎደ ይገባል፤ አፉን ሲዘጋ በስንጥቦቹ በኩል ይወጣል፤ ደግሞ ይከፍታል። ልክ እንደ ፓምፕ፣ ያለማቋረጥ። እኔ ተመልሼ ገብቼ ውሃው ላይ ተንሳፍፌ እያየሁ፣ እሱ ስለ እኔ ደንታም ሳይኖረው።

በአፉና በስንጥቡ መሀል ወንፊት አለው፤ ሃያ የሚሆኑ ጥቅጥቅ ያሉ ማጥለያዎች ናቸው። ከሦስት መቶ በላይ በሆኑ ረድፎች የተደረደሩት ደቃቅ ጥርሶቹ ለመብላት አያገለግሉትም፤ ሥራውን የሚሠራው ይህ ወንፊት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ዌል ሻርኮች ሲመገቡ የለኩ ተመራማሪዎች፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ከፍ ያለ አንድ ዌል ሻርክ በሰዓት ከ600 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ እንደሚያጣራ አስልተዋል። እስቲ በእኛ ቋንቋ እናስላው፤ በየግቢያችን የተተከለውን ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ስድስት መቶ ጊዜ ሞልቶ ማጥለል ማለት ነው፤ በአንድ ሰዓት! ውሃውን ሁሉ መልሶ ይተፋዋል፤ የሚያስቀረው ምግቡን ብቻ ነው። ማንንም አያሳድድም፣ ማንንም አይቦጭቅም። የባሕር ትልቁ ዓሣ የሚኖረው ከባሕር ትንንሾቹ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ፤ ነጥቦቹን። የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ነጥብ አቀማመጥ የራሱ ብቻ ነው፤ የሁለት ሰው የጣት አሻራ እንደማይመሳሰል ሁሉ የሁለት ዌል ሻርክ ነጥብም አይመሳሰልም። ታዲያ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ በዓይን ማመሳከር ማን ይችላል? ብራድ ኖርማን የሚባል አውስትራሊያዊ የባሕር ተመራማሪ፣ ጄሰን ሆልምበርግ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያና ዛቨን አርዙማንያን የሚባል የጠፈር ፊዚክስ ሊቅ አንድ ላይ ተቀመጡ። ሊቁ አንድ ነገር ያውቃል፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች የሰማይን ፎቶዎች ለማመሳሰል ከዋክብትን በሦስት በሦስት እያገናኙ፣ የሚፈጠረውን የሦስት ማዕዘን ቅርጽ እያነጻጸሩ የሚሠሩበት ስሌት አላቸው። በጨለማ ሰማይ ላይ ነጭ ኮከብ፣ በጠቆረ ጀርባ ላይ ነጭ ነጥብ! ያንን የከዋክብት ስሌት ወስደው ለዓሣው አዋሉት፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ዛሬ በዚህ ዘዴ ከ10 ሺህ በላይ ዌል ሻርኮች አንድ በአንድ ተለይተው በመዝገብ ሰፍረዋል።

ይህ ለእኛም ጉዳያችን የሚሆነው መዝገቡ የባለሙያ ብቻ ስላልሆነ ነው። ማንም ጠላቂ፣ ማንም ጎብኚ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ መላክ ይችላል። የሚፈለገው የግራ ጎኑ ነው፤ ከስንጥቦቹ ጀርባ፣ ከጎን ክንፉ በላይ ያለው ቦታ። ፎቶው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ወይ ከዚህ በፊት የታወቀ ሆኖ የት የት እንደታየ ይነገራችኋል፣ ወይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያችሁት እናንተ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። ለአንድ ፍጥረት መታወቂያ እንዲወጣለት ምክንያት መሆን እንዴት ደስ ይላል!

ግን ለምን እዚያ? ለምን አርታ? ይህን ስጠይቅ መልሱ ወደ ራሳችን አገር መለሰኝ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተራ የውሃ መግቢያ አይደለም፤ ስንጥቅ ነው። ሦስት የምድር ፕሌቶች፣ የአፍሪካ፣ የሶማሌና የዓረቢያ፣ የሚላቀቁበት አካባቢ ነው፤ የእኛን ስምጥ ሸለቆ የሚሰነጥቀው ኃይል ራሱ ነው ባሕሩን እዚህ ያስገባው። ከባሕረ ሰላጤው ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ እ.ኤ.አ. በ1978 አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ቅልጥ ዐለት ያፈሰሰበት መሬት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛው፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው የሆነው የአሳል ሐይቅ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእኛው አፋር ደባሁ አጠገብ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ የተሰነጠቀችውም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። በዚህ የተነሳ አርታ ላይ ተራራው ሳይለዝብ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከዳርቻው ጥቂት እልፍ ሲሉ ባሕሩ ጥልቅ ነው። በበጋችን ወራት፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ፣ ነፋሱና የቀዘቀዘው ውሃ የሚያመጡት ፕላንክተን፣ ማለትም እነዚያ ጥቃቅን የባሕር ሕይወቶች፣ በዚህ ዳርቻ ይከማቻል። ዌል ሻርኮቹም ማዕዳቸውን ተከትለው ይመጣሉ።

የሚመጡት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪው ዴቪድ ሮዋትና ባልደረቦቹ የጅቡቲዎቹን ማጥናት ሲጀምሩ ያገኟቸው በአብዛኛው ትንንሾች፣ በአብዛኛውም ወንዶች ነበሩ። እናቶቻቸው የት ናቸው? የት ነው የተወለዱት? እስካሁን ዌል ሻርክ ስትወልድ ያየ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን አጠገብ የተያዘች አንዲት ሴት በማሕፀኗ 300 ያህል ግልገሎች ተገኝተውባታል፤ እንቁላል ጥላ ሳይሆን ነፍስ ያለው ልጅ እንደምትወልድ የተረጋገጠው ያኔ ነው። ስለዚህ የዓለም ትልቁ ዓሣ፣ በሳይንስ ስም ካገኘ እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ፣ አንድሩ ስሚዝ የሚባል ሐኪም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በጦር የተወጋ አንድ ዌል ሻርክ አይቶ ከመዘገበው ጊዜ ወዲህ፣ መውለጃውን ደብቆ ኖሯል ማለት ነው። ወደ 1900 ሜትር ጥልቀት ጠልቆ እንደሚወርድ መሣሪያ መዝግቦበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓናማ ላይ ምልክት የተደረገባት አን የምትባል አንዲት ዌል ሻርክ ፓስፊክን አቋርጣ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዛ እስከ ማሪያና ጥልቅ ባሕር መድረሷ ተመዝግቧል። ከኒውክሌር ሙከራዎች የቀረውን ካርቦን በአከርካሪ ላይ በመለካት ደግሞ ከተመረመሩት አንዱ ሲሞት 50 ዓመት እንደነበረው ታውቋል፤ ከዚያም በላይ ብዙ እንደሚኖሩ ይገመታል። እኔ ጎን የዋኘው ልጅ፣ የሚያስፈራው ነገር ካልነካው፣ የልጅ ልጆቼን ሊያይ ይችላል።

የሚያስፈራው ነገር ግን አለ። ያየሁት ሁለተኛው፣ ቆሞ ሲመገብ የነበረው፣ የጀርባ ክንፉ ጫፍ የለም፤ ተቆርጧል። ከሱ በታች ሦስት ትይዩ ጠባሳዎች፣ እኩል ርቀት ላይ የተሰለፉ። ጋሼ ሲያዩት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ «የሞተር ሥራ ነው» አሉ። ዌል ሻርክ የሚመገበው ከውሃው ገጽ አጠገብ ነው፤ እየተመገበ ሳለ ለጀልባ ቸኩሎ አይሸሽም። በፍጥነት የሚያልፍ የሽርሽር ጀልባ ይቆርጠዋል። ትልቅ መርከብ ከመታው ደግሞ ምስክር የለም፤ ሲሞት ወደ ታች ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ወደ 350 የሚጠጉ ዌል ሻርኮችን በሳተላይት ተከታትሎ፣ የሚመላለሱበት ባሕር ከመርከብ መሥመሮች ጋር እጅግ እንደሚደራረብ አሳይቷል፤ የአንዳንዶቹም ምልክት የጠፋው መርከብ በሚበዛበት ሥፍራ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ መድቧቸዋል፤ እስከዚያ በነበሩት 75 ዓመታት ቁጥራቸው ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ገምቷል።

እና ጅቡቲ ላይ የሚቆሙት መርከቦች የማን ናቸው? ጭነታቸው በብዛት የእኛ ነው። ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ወደብ ነው። ይህን የምለው ሰው እንዲጨነቅ አይደለም፤ ስንዴው መምጣት አለበት። ነገር ግን ባሕር የለንም ስለምንል ብቻ ባሕሩ ውስጥ የሚሆነው አይመለከተንም ማለት አንችልም። መርከቦቻችን እዚያ አሉ። መርከበኞቻችን እዚያ አሉ። ከባሕር ዳር የባሕር ትምህርት ቤት የሚመረቁ ልጆቻችን በዓለም መርከቦች ላይ እየሠሩ ነው። በመርከብ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ከቆሙት አንዱ ከፊቱ ያለውን ነጠብጣብ ጥላ አውቆ ፍጥነት ቢያስቀንስ፣ ያ የእኛ ልጅ ቢሆን ደስታዬ ነው።

ስለዚህ ሂዱ። የምትችሉ ሁሉ ሂዱ። ባሕር ላይ የሚያወጡ ጀልባዎች ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። ዋና የማይችል ላይፍ ጃኬት ለብሶ ከጀልባው ጎን ገመድ ይዞ ማየት ይችላል፤ ዓሣው ራሱ ይመጣላችኋል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጀልባ ነጂውን ጠይቁት፤ ዌል ሻርክ ሲያይ ሞተሩን ይቀንሳል ወይስ ላዩ ላይ ይነዳል? ላዩ ላይ የሚነዳ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ገንዘባችሁ ነው ድምፃችሁ። ውሃ ውስጥ ስትገቡ ከአካሉ ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ ደግሞ አራት ሜትር ራቁ። አትንኩት፣ ክንፉን አትያዙ፣ ፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ ፍላሽ አታብሩበት። በላዩ ላይ ተቀምጦ ፎቶ የሚነሳ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉት። የግራ ጎኑን ፎቶ አንሱና ለመዝገቡ ላኩ።

ዘንድሮም በጥቅምት መጨረሻ መምጣት ይጀምራሉ፤ እስከ ጥር ድረስ አርታ ላይ ናቸው።